ሊበን የሚለው የአያት ስም በወሎ ከየት መጣ? ስንት ቤተሰብስ ይጠራበታል?

ጠያቂ፦ የቦርከናው

የተከበራችሁ የወሎ ታሪክ ወዳጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ሲሆን አሁን የምኖረው ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በሰሜን አሜሪካ ነው። የአያቴ ስም ሊበን ይባላል። ከአገር ስወጣ በፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የአያቴ ስም ስለነበረ፣ እዚህ ከደረስሁ በኋላ ወረቀቱ ሁሉ በዚያው ስም ተከፈተ፤ ልጆቻችንም ሲወለዱ ማንም ሳይጠይቀን ሊበን ተብለው ተመዘገቡ። ወንድሜ ግን በአውሮፓ በአባታችን ስም ስለተመዘገበ፣ የእሱና የእኔ ልጆች የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ሆነው ሳለ በመዝገብ ላይ ምንም የማይዛመዱ ሰዎች ሆነዋል።

ጥያቄውን ያነሣችው ታላቋ ልጄ ናት። በትምህርት ቤት ስለ ቤተሰቧ ስም አመጣጥና በዓለም ላይ ስለሚጠሩበት ሰዎች ስርጭት እንድትጽፍ ታዘዘች። በኢንተርኔት ያገኘችው የስም ካርታ ሊበን የሚለውን ስም አብዝቶ የሚያሳየው ሶማሌዎች በሚኖሩባቸውና በተሰደዱባቸው አገሮች ነው፤ ወሎ በካርታው ላይ ባዶ ናት። የክፍል ጓደኞቿ የሆኑ የሶማሌ ልጆችም ስሟን ሲሰሙ የእነሱ ወገን መስላቸው በቋንቋቸው ያነጋግሯታል። እኛ ደግሞ በቤታችን ስለ ሶማሌ ዘር ሲነገር ሰምተን አናውቅም። ደሴ ያለው አጎቴ በስልክ ስጠይቀው፣ «እኛ የወረ ሂመኖ ኢማሞች ዘር ነን፤ ሊበንም የእነሱ ስም ነው» ብሎ የጥንቶቹን የወሎ ገዥዎች እየጠራ በኩራት መለሰልኝ። ከቤተሰባችን ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ከክርስቲያኖቹ አንዷ አክስቴ ስሙ ከአባ ሊባኖስ የመጣ ነው ትላለች።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች ስሙ ወደ ወሎ እንዴት እንደገባ፣ በወሎ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነና የአጎቴን ቃል ለልጄ እንደ ታሪክ ልነግራት እንደምችል ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ

ወንድማችን የቦርከናው፣ ጥያቄዎ ብዙ የወሎ ቤተሰቦች በውጭ አገር የሚገጥማቸው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ከካርታው ልጀምር። እነዚህ የስም ካርታዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ለሚወርድባቸው አገሮች ነው። በዚያ አገር አንድ ያልተለመደ ስም በአንድ ክፍለ ሀገር በርክቶ ከተገኘ፣ የስሙ ባለቤቶች ከአንድ ወይም ከጥቂት አባቶች የተወለዱ ናቸው ብሎ መገመት ያስኬዳል። በእኛ አገር ግን ስም ሦስት ትውልድ ሄዶ ይቆማል። እርስዎ ወሎ ቢቀሩ ኖሮ ልጆችዎ በእርስዎና በአባትዎ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሊበን ከወረቀታቸው ይወጣና በሽማግሌዎች ቃል ብቻ ይቀር ነበር። ውጭ አገር ግን ስሙ ባለበት ረጋ፤ ከአንድ አያት የተነሡ ልጆችና የልጅ ልጆች ሁሉ ሊበን እየተባሉ ይቀጥላሉ። በዚህ ምክንያት ከሃምሳ ዓመት በኋላ በአንድ የባዕድ ከተማ የሚኖሩ ሊበኖች ስሙ ከወጣበት ወረዳ ካሉት ሊበን የተባሉ ሰዎች ሊበልጡ ይችላሉ። ሶማሌዎችም እንደ እኛ በአባትና በአያት ስም የሚጠሩ ሕዝብ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ ሊባን ለወንድ ልጅ በጣም የተለመደ የግል ስም ስለሆነና ብዙዎች በስደት ዓለም ስለሚኖሩ ካርታው በእነሱ ይሞላል። በላቲን ፊደል ሲጻፉ የእርስዎ ሊበንና የእነሱ ሊባን ብዙውን ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ካርታው ያየው ፊደሉን ብቻ ነው።

ወደ ስሙ አመጣጥ ስንመለስ፣ በወሎ ሊበን ከኦሮሞ የጎሳ ስምነት ወደ ሰው ስምነት የተሻገረ ነው። የታሪክ ጸሐፊው መነኩሴ አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦሮሞን ጎሳዎች ሲዘረዝሩ ሊበንን፣ ወሎንና ጅሌን የከረዩ ልጆች አድርገው አንድ ላይ ይጠሯቸዋል። ይህን ዝርዝር ዛሬ ካለው ምድር ጋር ቢያስተያዩት ብዙ ነገር ይታይዎታል፤ ወሎ የአገሩ ስም ሆኗል፣ ጅሌ በከሚሴ በኩል በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ስም ይኖራል፣ ከረዩ ደግሞ በመተሐራ ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ ስም ነው። ሊበን ግን ተበትኗል። በደቡብ በነጌሌ ቦረና ዙሪያ ሊበን አለ፤ በሶማሌ ክልል ዋና ከተማው ፊልቱ የሆነ ሊበን ዞን አለ፤ በሸዋ ሊበን ጩቃላና ሊበን ጃዊ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ፤ የቢሾፍቱ አካባቢም ለረጅም ጊዜ አድአ ሊበን ይባል ነበር። በጎጃም እንኳ የሰሜን አቸፈር ዋና ከተማ ስም ሊበን ነው። የቦረናም ነገር እንዲሁ ነው፤ መካነ ሰላም ያለችበት የእኛው ቦረና እና የደቡቡ ቦረና በአንድ ስም የሚጠሩት ጎሳዎቹ በየደረሱበት ስማቸውን ይዘው ስለሄዱ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ የምትጽፈው የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ይሁን፦ ስሙ ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ አባት የፈለቀ አይደለም፤ ከደቡብ እስከ ወሎ ድረስ በተጓዘ ትልቅ የጎሳ ስም ላይ የቆመ ነው። የሶማሌ ጎረቤቶቿ ስሙን የራሳቸው አድርገው ማየታቸውም ስሕተት የለበትም፤ በገናሌና በዳዋ ወንዞች አካባቢ ኦሮሞና ሶማሌ ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል፣ በስምም ተወራርሰዋል።

የአክስትዎን አስተያየት በአክብሮት አልቀበለውም። በወረ ሂመኖ የገዙት፣ መመዶች የሚባሉት የኢማሞች ቤተሰብ ሊበን የሚለውን ስም የያዙት ሙስሊሞች ሳሉ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢማም ሊበን የተባሉ ገዥዎች ነበሩ፤ አባ ዋጠው በሚል ስማቸው የሚታወቁትም ኢማም አመዴ ሊበን ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖት በጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ አመዴ ሊበን ሲጠመቁ ክርስትና ያነሷቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ፣ ኃይለ ማርያምም ተባሉ። ኢማም መሐመድ አሊ ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ በ1906 ዓ.ም. የወሎ ንጉሥ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ክርስትናው አዲስ ስም ሰጣቸው እንጂ ሊበን የሚለውን የአባት ስም ያመጣላቸው ክርስትና አይደለም።

የአጎትዎን ቃል በተመለከተ ግን ጠንቃቃ ይሁኑ። ሊበን የገዥዎች ስም ስለነበረ ብቻ ሊበን የተባለ ሁሉ ከገዥዎቹ ይወለዳል ማለት አይቻልም። በወሎ አንድ ሰው ለልጁ የባላባቱን፣ የሸሁን ወይም ደግ እንግዳ ሆኖ የመጣውን ሰው ስም መስጠቱ የታወቀ ነው፤ ባላገሩም የጌታውን ስም ለልጁ ሲያወጣ እንደ ምርቃት ቆጥሮት ነው። ዘርን የሚያረጋግጠው ቆጠራ ነው። አያትዎ የተወለዱበትን ዘመን ይገምቱ፤ ለአንድ ትውልድ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመት ይስጡ፤ ከዚያ እስከ ኢማሞቹ ድረስ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ስም ይጎድላል። አጎትዎ እነዚያን ስሞች ከነመኖሪያ ቦታቸውና ከነእናቶቻቸው ስም ቆጥረው ከሰጡዎ በቁም ነገር የሚመረመር ቃል ነው። ካልቆጠሩ ግን ለልጅዎ «አጎታችን እንዲህ ይላል» ብሎ መንገር እንጂ «ታሪካችን ይህ ነው» ማለት አይገባም።

መልስ፦ የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ፣ ከደቡብ ወሎ

እኔ በአንድ የገጠር ቀበሌ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የምሠራ ስሆን መምህሩ ስለ ታሪኩ በጻፉት ላይ የምጨምረው ብዙ የለኝም። «ስንት ቤተሰብ ይጠራበታል» ለሚለው ግን ከሥራዬ የማየውን ላካፍልዎ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ በተግባር ግን ሕዝቡ በአባቶቹ አጠራር ቀጠለ። የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድም የምንሞላው ቅጽ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው የሚጠይቀው። የሕዝብና ቤት ቆጠራም ሃይማኖትን፣ ብሔርንና ቋንቋን እየለየ ይቆጥራል እንጂ በስም ለይቶ የሚያወጣው ሠንጠረዥ የለውም። በዚህ ምክንያት በወሎ ይህን ያህል ሊበን አለ የሚል ቁጥር ከማንም ቢሰሙ አይመኑት።

ከቁጥሩ ይልቅ የስሙን አኗኗር ልንገርዎ። በእኛ አካባቢ ሊበን ከሽማግሌዎች የአባት ስም ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ዛሬ ለሚወለድ ልጅ ሲወጣ ግን አላየሁም። ሰይድ፣ አሊ፣ ይመር፣ ይማም፣ እንድሪስ በየቤቱ ሞልተዋል። ባለፈው ወር አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን ልደት ሊያስመዘግቡ መጡና የሚያስፈልጉኝን ስሞች ስጠይቃቸው የሕፃኑን ኑረዲን፣ የአባቱን ጌታቸው፣ የራሳቸውን ሰይድ አሉኝ። «እርስዎ ሰይድ ሆነው ልጅዎ እንዴት ጌታቸው ተባለ?» ስላቸው፣ «እናቱ ያወጣችለት ነው፣ የእሷ ቤት ክርስቲያን ነው» ብለው በቀላሉ መለሱልኝ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከደቡብ ወሎ ሕዝብ 71 ከመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ 29 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ ደግሞ ኦርቶዶክሱ 83 ከመቶ ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በዞን ደረጃ የተለያዩ ቢመስሉም በአንድ የቤተሰብ ቅጽ ውስጥ ሁለቱን ሃይማኖቶች ማየት ለእኛ የየቀን ነገር ነው። ስለዚህ ቤተሰብዎ ግማሽ በግማሽ መሆኑ ስሙን ከሌላ አገር አያመጣውም።

አንድ ነገር በጥብቅ አስጠነቅቅዎታለሁ፤ በአያት ስም ብቻ ዘመድ አይፈልጉ። አንድ ሰው የተጸውዖ ስም፣ የቤት ስምና የክርስትና ስም ሊኖረው ይችላል፤ በግብር ደረሰኙ ላይ ደግሞ ጸሐፊው እንደ ሰማው የጻፈው አራተኛ ስም ይገኛል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱ እህቶቻችን ብዙዎቹ ለጉዞው ሲሉ በፓስፖርት ላይ ስማቸውን ለውጠው ስለሄዱ፣ የእነሱ ልጆች በሚመዘገቡበት አገር ያለው የአያት ስም በቀበሌያችን ከማንም ጋር አይገጥምም። ሰው የሚገኘው በቦታው ነው። ወረዳውን፣ ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ የቀብር ቦታውን ይያዙ፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

መልስ፦ ተንታዊ

ለሁለቱም መላሾች ምስጋና ይድረሳቸው፤ ሆኖም መምህሩ የአጎትየውን ቃል ከሚገባው በላይ ያቀለሉት ይመስለኛል። እኔ የተንታ ሰው ነኝ። በእኛ አገር የአባቶች ቆጠራ ጨዋታ አይደለም። የርስት ክርክር ሲነሣ ሽማግሌው በዳኛ ፊት ቆሞ ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ የሚቆጥረው አንድ ስም ቢዘል ባለጋራው በዚያችው ስም ሊረታው እንደሚችል እያወቀ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ እስኪታወጅ ድረስ ይህ የአፍ መዝገብ መሬት የሚያስገኝና የሚያሳጣ መዝገብ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ነው ወጣቱ መቁጠር የተወው።

በተጨማሪም የኢማሞቹ ቤተሰብ ብዙ ሚስቶችና ብዙ ልጆች የነበሩት ቤተሰብ ነው። በጽሑፍ የቀሩልን የገዙት ልጆች ስሞች ናቸው፤ ያልገዙት ልጆች በየአምባውና በየቆላው ወርደው ባላገር ሆነዋል። በ1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ከተመቱ በኋላ በወገንነት እንዳይጠረጠሩ ዘራቸውን መናገር የተዉ ቤቶች እንዳሉ እኔ ራሴ ከአያቴ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የጽሑፍ ማስረጃ አለመኖሩን የአጎትየው ቃል ሐሰት መሆኑን እንደሚያሳይ አድርጎ ማየት ለወሎ ቤተሰቦች ፍትሐዊ አይመስለኝም።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ

ወንድማችን ተንታዊ ስለ ቆጠራው ክብደት ያሉት እውነት ነው፤ እኔም የምጠይቀው ያንኑ ቆጠራ ነው። በርስት ክርክር ላይ «እኛ የእገሌ ዘር ነን» ብሎ የቆመ ሰው መሬት አያገኝም ነበር፤ መሬቱን የሚያገኘው ስሞቹን አንድ በአንድ የቆጠረው ነው። አጎትየው በዚያው ሕግ ይቁጠሩልን። የተጻፈ ነገር የግድ ነው አላልሁም፤ ይሁንና ቢፈለግ ጭራሽ የለም ማለትም አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስና በሌሎች ገዳማት በወንጌል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የሰዎች ስም ተጽፎ ይገኛል፤ በመስጊዶችና በዛዊያዎች (የሸሆች የትምህርትና የጸሎት ቦታዎች) ያሉ የዓረብኛና የዐጀሚ፣ ማለትም በዓረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ ጽሑፎችም የሸሆችንና የደረሶችን የዘር ሐረግ ይዘዋል።

ደግሞ በዚሁ በርስት ሥርዓት ውስጥ ያለና ለጠያቂያችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች በእናት በኩልም ይቆጥራሉ። ዛሬ በፓስፖርት የምንይዘው ሦስት ስም የአባትን መስመር ብቻ ይዞ ሌላውን ሁሉ ያስረሳናል። ወንድማችን የቦርከናው፣ አጎትዎን ሲጠይቁ የአያትዎን አባት ስም ብቻ አይጠይቁ፤ የአያትዎን እናት ማንነትና ሊበን የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነም ይጠይቁ።

መልስ፦ የወሎ ልጅ፣ ከኢሉባቦር

እኔ የተወለድሁት በኢሉባቦር የሰፈራ መንደር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ወላጆቼ ከወሎ ተነሥተው ወደዚህ መጡ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲሰፍር ከሁሉ የሚበዛው ከወሎ የሄደ ነበር። ስለ ስም ስርጭት ሲወራ ይህ መረሳት የለበትም፤ ከወረባቦና ከአምባሰል ይልቅ የጥንቱ የወሎ ስሞች ሳይለወጡ የሚገኙት በእኛ መንደሮች ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም አባቶቻችን አገራቸውን ያጡ ሰዎች ስለነበሩ የሞቱባቸውን ወላጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ስም ለልጆቻቸው ሰጥተዋል። በእኛ መንደር ሊበን የሚባል አዛውንት ነበሩ፤ ከለጋምቦ የመጡ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፣ ስለ ሶማሌም ሆነ ስለ ኢማሞች አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። እዚህ የአገሩ ኦሮሞዎች ስማቸውን ሲሰሙ ግን ወዲያውኑ «የእኛ ሰው ነዎት» ብለው ይቀበሏቸው ነበር፤ አዲስ አገር ለገቡ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጠያቂ፦ የቦርከናው

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አጎቴን እንደገና ደውዬ ስሞቹን እንዲቆጥርልኝ ለመንሁት። ከአያቴ አባት ወደ ላይ አራት ስም ያለ ችግር ቆጠረልኝ፤ ሁሉም በለጋምቦ የኖሩ ናቸው፤ አንዳቸውም ሊበን ወይም አመዴ አይባሉም፤ ወደ ኢማሞቹ የሚያደርስ ስምም ሊያገኝልኝ አልቻለም። እሱ ግን በቃሉ ጸንቷል፤ ሽማግሌ ስለሆነ አልተከራከርሁትም።

መልሱ የመጣው ከዘጠና ዓመት በላይ ከሆናት የአባቴ አክስት ነው። መምህሩ እንዳሉት «ስሙን ማን አወጣው?» ብዬ ሳስጠይቃት፣ «የእናቱ አባት ስም ነው» አለች። እንደ እሷ አነጋገር፣ የአያቴ እናት ከከሚሴ በኩል የተዳረች ስትሆን የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው አባቷ በሞተ በዓመቱ ነው፤ ባሏም ሐዘኗን አይቶ «በአባትሽ ስም ጥሪው» አላት። ስለዚህ እስካሁን በአባት መስመር ስንፈልገው የነበረው ስም የመጣው በሴት መስመር፣ ከወሎ ኦሮሞ ቤት ነው ማለት ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የስሙን ምንጭ ለማግኘት የሴቲቱን ስም ማወቅ አለብኝ ብላ ለአባቴ አክስት የምታቀርበውን ጥያቄ አሁን እየጻፈች ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ከከሚሴ በኩል ያለውን ቤተሰብ ለማግኘት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የወሳኝ ኩነት ሠራተኛ፣ ከደቡብ ወሎ

አብሽሩ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ከለጋምቦ ደጋ እስከ ከሚሴ ቆላ የተደረገ ጋብቻ ያለ ምክንያት አይደረግም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመካከሉ ገበያ ወይም የሰፈር ዘመድ አለ። ስለዚህ የአባትዎን አክስት በመጀመሪያ ሙሽራዋን ማን እንዳጨላቸው፣ ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ማን እንደነበረና በየትኛው ገበያ ይገናኙ እንደነበር ይጠይቋቸው። የባቲን ገበያ፣ የከሚሴን ገበያ፣ የደዌን አካባቢ ስም እየጠሩ ያስታውሷቸው፤ ሽማግሌ የሰው ስም ቢረሳ የገበያ ቀን አይረሳም። ድምፃቸውን በስልክ ይቅረጹ፣ ከጎናቸውም ቅርብ ዘመድ ይቀመጥ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ

እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። የአያትዎ እናት አባት ከየትኛው ጎሳ እንደነበሩ ይጠይቁ። በከሚሴ በኩል ያሉ አዛውንቶች የሰውን ስም ከነገሩዎ በኋላ ጎሳውን ሳይጠየቁ ይጨምራሉ፤ «ሊበን የእገሌ ልጅ፣ ከእነ እገሌ» ይላሉ። ያን የመጨረሻውን ቃል ከያዙ ወደ አርጡማ ፉርሲ ይሂዱ፣ ወደ ደዋ ጨፋ ወይስ ወደ ጅሌ ጥሙጋ፣ የቱ ወረዳ እንደሆነ ከሚሴ ላይ ሆኖ የሚነግርዎ ሰው አይጠፋም። በበጋ ወራት በዚያ በኩል ስለማልፍ፣ ጎሳውን ካወቁ ስሙን ለእኔም በውስጥ መልእክት ይላኩልኝ፤ ራሴ ሽማግሌዎቹን ጠይቄ እመልስልዎታለሁ።